አዲስ የተነጠፈ የግቢ ሣር አልይዝ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንሥኤውና መፍትሔው

በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ፣ በሱሉልታ፣ በቡራዩና በገላን ቤት ሠርተው የገቡ ብዙ ቤተሰቦች ግንባታው እንዳበቃ ግቢውን ሣር ያለብሳሉ። ሣሩ ከነአፈሩ ተቆርጦ በካሬ ይገዛል፣ በመኪና ተጭኖ ይመጣል፣ በአንድ ቀን ይነጠፋል፤ በማግሥቱም ግቢው ዓመታት የኖረበት ይመስላል። ችግር ካለ የሚገለጠው ብዙውን ጊዜ ከዐሥረኛው ቀን በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አብዛኛው ሰው ምክንያቱን ሳይመረምር ወደ ውሃ ጎማው ወይም ወደ ማዳበሪያው ይሮጣል። ቢጫ ቅጠል ግን ውሃ ከማነስም ውሃ ከመብዛትም፣ ከድንጋያማ ወለልም ከትልም ሊመጣ ስለሚችል ቅጠሉን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም።

ስለዚህ ማንኛውም መፍትሔ ከመሞከሩ በፊት አንድ ነገር እንዲደረግ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ሣሩን ገልጦ ሥሩን ማየት። ከጤነኛው፣ ከታመመውና ከሁለቱ መካከል ካለው ቦታ አንዳንድ ቁራጭ መርጦ ጠርዙን በሁለት እጅ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ላይ መሳብ ነው። ከተነጠፈ ሁለትና ሦስት ሳምንት የሆነው ጤነኛ ሣር አይነሣም፤ ቢነሣም ነጫጭ ቀጫጭን ሥሮቹ ከታችኛው አፈር ጋር ተጣብቀው ሲበጠሱ በእጅ ይታወቃል። ያለ ምንም ትግል ከተነሣ ግን ከሥሩ ቀለም፣ ከአፈሩ እርጥበትና ከሽታው መንሥኤው ይገኛል።

ጠርዙ ደርቆ በመጋጠሚያው ክፍተት ሲፈጠር

የቁራጮቹ ጫፍ ወደ ላይ ከተቆለመመ፣ ቅጠሉ ወደ ግራጫ ካደላና የረገጡበት እግር አሻራ ቶሎ ካልጠፋ ሣሩ ተጠምቷል። ሲገልጡት ከላይ ያለው አፈር እርጥብ፣ ከሥር ያለው ግን ደረቅ ዱቄት ሆኖ ከተገኘ ሣሩ ውሃ የሚያገኘው ለቅምሻ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው በጋ የአዲስ አበባ ዙሪያ አየር ደረቅ ነው፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ በመሆኑም የቀትሩ ፀሐይ ይከርራል፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ደግሞ እርጥበቱን ይጠርጋል።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ማወቅ ይጠቅማል። በአንድ ካሬ ላይ 1 ሊትር ውሃ ሲፈስ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ እንደዘነበ ይቆጠራል። አዲስ ሣር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በበጋ ቀን 6 ሚሊ ሜትር ያህል ያስፈልገዋል ብለን ብንነሣ፣ 100 ካሬ ግቢ በቀን 600 ሊትር ይፈልጋል። ይህ የ1,000 ሊትር ሮቶን ከግማሽ በላይ ያራግፋል፤ የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ቤተሰቡን ለጀሪካን ይዳርጋል። ውሃው የማይበቃ ከሆነ ግቢውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ከማልበስ በየወሩ ሠላሳ ሠላሳ ካሬ ማንጠፍ፣ ካልሆነም ሥራውን እስከ ሰኔ መግቢያ ማቆየት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የደረቀውን ለማዳን ማለዳ ላይ ውሃው ከሣሩ ቁራጭ አልፎ ወደ ታችኛው አፈር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪዘልቅ ማጠጣት ያስፈልጋል። መዝለቁን በቀጭን ብረት ወግቶ ማረጋገጥ ይቻላል፤ እርጥብ አፈር ብረቱን ያሳልፋል፣ ደረቁ ያቆመዋል። ክፍተቶቹ በደቃቅ አፈርና በተብላላ ኮምፖስት ድብልቅ ይሞላሉ፤ ባዶ ከተተዉ ነፋሱ በየጎኑ ገብቶ ሥሩን ያደርቃል። ሣሩ ሥር ከሰደደ በኋላ ግን በየቀኑ ጥቂት ከመርጨት በሳምንት ሁለት ጊዜ አጥልቆ ማጠጣት ሥሩን ወደ ታች ይጎትተዋል።

ሣሩ ቢጫ ሆኖ መሬቱ ሲረግጡት ውሃ ሲያቁር

በጥቁር አፈር ሰፈሮች በብዛት የሚያጋጥመው ይህኛው ነው፤ በአያያዝ ስሕተት ሲባባስ ያየሁትም ይህኑ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤቴ ሣራቸው በተነጠፈ በሦስተኛው ሳምንት ጠርተውኝ፣ «ጠዋትና ማታ አጠጣዋለሁ እኮ፤ ምን ጎደለበት?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከመሐል አንዱን ቁራጭ ስንገልጠው እንደ ረጠበ ጨርቅ ተላቅቆ ተነሣ፤ ከሥሩ የከረመ ድፍርስ ውሃ ሽታ ወጣ፤ ሥሮቹም ቡናማ ሆነው በጣት ሲያሿቸው ቅርፊታቸው ሟሽሾ እንደ ክር የቀጠነ ነገር ብቻ ቀረ። ሥር የሚተነፍሰው በአፈሩ ውስጥ ባለው አየር ነው፤ አየሩን ውሃ ሲተካው ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል፤ ባለቤቱም ውሃ ይጨምርበታል።

ጥቁር አፈር ሲረጥብ አብጦ ውሃ የሚያሳልፍበትን ቀዳዳ ይዘጋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ተሰንጥቆ የሣሩን ሥር ይበጥሳል። መፍትሔው ማጠጣቱን ማቆም፣ ቀጥሎም ውሃው መውጫ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች በጥቁር አፈር ላይ ሰፊ መደብ አውጥተው ትርፉን ውሃ በመደቦቹ መካከል በሚያልፍ ቦይ እንደሚያስወግዱ ሁሉ፣ ግቢም ከቤቱ ግድግዳ ወደ ውጭ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ እንዲሄድና መጨረሻው ላይ ቦይ እንዲኖረው ያስፈልጋል። በየቦታው የሚያቁሩ ጎድጓዶች ካሉ ሣሩን አንሥቶ፣ ከሥሩ ያለውን አፈር ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ቆፍሮ፣ ከተብላላ ኮምፖስት ጋር ደባልቆ ከፍ በማድረግ መልሶ ማንጠፍ ይገባል። ጥቂት አሸዋ ነስንሶ ከጭቃው ጋር ማደባለቅ ግን አይመከርም፤ ሲደርቅ እንደ ምርጊት ይጠነክራል። ሥሩ ፈጽሞ ቡናማ የሆነውን ቁራጭ ለማዳን መድከም ትርፍ የለውም፤ ነጭ ሥር የቀረለት ግን ወለሉ ከተስተካከለ ያገግማል።

በዚሁ ምክንያት ጥቁር አፈር ላይ በሐምሌና በነሐሴ ሣር ማስነጠፍን አልደግፍም። ዝናቡ ውሃ የመግዛት ወጪ ያስቀራል የሚለው ሐሳብ እውነት ቢሆንም፣ በጭቃ ላይ የተነጠፈ ሣር የሠራተኛው እግር የረገጠበትን ጎድጓዳ ሁሉ ይዞ ይቀራል። በጥቁር አፈር ዝናቡ ሳይበረታ በሰኔ መግቢያ፣ አለዚያም ዝናቡ ሊያበቃ ሲል በመስከረም፣ ውሃ በሚያሳልፈው ቀይ አፈር ላይ ግን በክረምቱም ቢሆን ሥራው ይሳካል።

ቅጠሉ ለጊዜው አረንጓዴ ሆኖ ሣሩ እንደ ምንጣፍ ሲጠቀለል

አንድ ወር ሞልቶትም ከተጠቀለለ፣ ሥሩ ነጭና ጤነኛ ሆኖ ግን ወደ ታች በመውረድ ፈንታ ወደ ጎን ከዞረ፣ ከሥሩ ያለው ወለል አላስገባም ብሎታል። በአዲስ ግቢ ይህ ወለል አብዛኛውን ጊዜ የግንባታው ቅሪት ነው። መሬቱን ለማስተካከል የተደፋው ገረጋንቲ፣ የብሎኬት ስብርባሪ፣ ሲሚንቶ የተቦካበት ቦታ፣ ከግድግዳ የረገፈ ልስን፣ ይህ ሁሉ ከ3 ሴንቲ ሜትር አፈር ሥር ተኝቶ ይቆያል። የራሴን ግቢ ሳስነጥፍ ሠራተኞቹ ለማስተካከል ያለበሱትን ቀጭን አፈር አምኜ ሣሩን አስነጠፍኩ፤ በኋላ በመኪና መግቢያው በኩል ያለው አልይዝ ሲል ገልጬ ብቆፍር፣ የዶማው ጫፍ ሁለት ጣት እንኳ ሳይገባ ከደረቀ የሲሚንቶ ንጣፍ ጋር ተጋጨ። የሲሚንቶና የኖራ ቅሪት የሥር መንገድ ከመዝጋቱ በላይ አፈሩን ኖራማ ያደርገዋል፤ ይህ ጠባይ ሣሩ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር ከአፈር እንዳይወስድ ስለሚያግደው፣ አዲሱ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ይገረጣል።

ለዚህ ማዳበሪያ መፍትሔ አይሆንም። ሣሩን በጥላ ሥር እርጥብ ጆንያ አልብሶ ማቆየት፣ ቅሪቱን ቆፍሮ ማውጣት፣ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ንጹሕ የእርሻ አፈር መሙላት፣ በእግር ረግጦ ማርጋት፣ ከዚያም በዚያው ቀን መልሶ ማንጠፍ ያስፈልጋል። ከቁራጩ ውፍረት አንጻር የአፈሩ ወለል ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ቁራጮቹም እንደ ብሎኬት አደራደር መጋጠሚያቸው እየተፈራረቀ፣ ጠርዛቸው ተጠጋግቶ ይቀመጣል እንጂ አይደራረብም።

ቶሎ የሚለዩ ሌሎች ምልክቶች

በተነጠፈ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ አንዳንዱ ቁራጭ ብቻውን ከመሐሉ ከገረጣ፣ ከመኪናው ላይ ሳለ ተከምሮ ሞቋል ማለት ነው። ተቆርጦ የተከመረ ሣር ከውስጥ ይግላል፤ ስለዚህ ከተቆረጠ በ24 ሰዓት ውስጥ መነጠፍ አለበት። ሲራገፍ እጅን ወደ ክምሩ መሐል ሰዶ ሙቀቱን መፈተሽ፣ የጋለውንም አለመቀበል የገዢው መብት ነው።

ሣሩ ሲነሣ ሥሩ ተበልቶ ካለቀና እንደ ግማሽ ቀለበት የተጠማዘዘ፣ ራሱ ቡናማ የሆነ ነጭ ትል ከታየ፣ የጢንዚዛ እጭ ነው። ጋጋኖ በረጅም መንቁሩ ሣሩን ደጋግሞ ሲወጋ መታየቱም ይህንኑ ይጠቁማል። ጥቂት ከሆኑ ለቅሞ ማስወገድና ሣሩን መልሶ አስተኝቶ ማጠጣት ይበቃል፤ መድኃኒት የሚያስፈልግ ከሆነ ግን ልጆችና ውሾች በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ የእርሻ ባለሙያ ሳያማክሩ መርጨት አይገባም። የአፈር ቁልል እየተነሣ ሣሩን የሚገፋው ፍልፈል ነው፤ ሣሩ ከመነጠፉ በፊት የሽቦ መረብ ከሥሩ መዘርጋት ከኋላ ሩጫ ያድናል።

በመጋጠሚያዎቹ መካከል እንግጫ፣ ማገጥ ወይም ሙጃ ብቅ ሲል፣ ዘሩ ብዙውን ጊዜ ያልተብላላ ፍግ ይዞት የመጣ ነው። ዘር ከማፍራቱ በፊት ከእርጥብ አፈር ላይ በእጅ መንቀል ይቻላል፤ እንግጫ ግን ከሥሩ ፍሬ ስላለው በጩቤ ጠልቆ ማውጣት ይጠይቃል።

ሲታጨድ ከሥር ነጣ ያለ ወይም ቡናማ ግንድ ከታየ በጣም ተላጭቷል። የመጀመሪያው አጨዳ ሣሩ መያዙ ተፈትሾ፣ ቁመቱ 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ይሁን፤ በአንድ ጊዜም ከቁመቱ ሲሶ በላይ አይቆረጥ። ዩሪያ መቶ እጅ ውስጥ 46 እጁ ናይትሮጅን ስለሆነ በአንድ ቦታ ከተከመረ ያቃጥላል። ከተነጠፈ ከስድስት ሳምንት በኋላ ለ100 ካሬ 1 ኪሎ ያህል ቅጠሉ ደርቆ ሳለ በእኩል በትኖ ወዲያው ማጠጣት ይበቃል። ዙሪያው ደማቅ አረንጓዴ፣ መሐሉ የተቃጠለ ክብ ግን ብዙ ጊዜ የውሻ ሽንት ነው፤ ቶሎ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ ያድነዋል። ኪኩዩም ሆነ ሰርዶ የተባሉት የሣር ዝርያዎች ሙሉ ፀሐይ ስለሚወዱ በወፍራም ዛፍ ጥላ ሥር ሲሳሱ ዝርያ መቀያየር አይጠቅምም፤ ቅርንጫፍ ማሳሳት ወይም ቦታውን በጠጠር መሸፈን ይሻላል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ በአንድ ሌሊት ሲነጣ

በሱሉልታና በሰንዳፋ በኩል ጥርት ያለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሣሩ ጠዋት በአመዳይ ነጥቶ፣ ከቀናት በኋላም ገለባ መስሎ ሊታይ ይችላል። ውርጭ የመታው ቅጠሉን ነው። ሣሩን ገልጦ ሥሩና በመሬት ላይ የሚሳበው ግንዱ ነጭና ጠንካራ መሆኑን ማየት ነው፤ ከሆነ ሕያው ነው። አመዳዩ በፀሐይ እስኪቀልጥ ሣሩን መርገጥ አይገባም፤ የበረደው ቅጠል ይሰባበራልና። የተቃጠለውን ቅጠልም ለማሳመር ብሎ ማጨድ ከሥሩ ያለውን ግንድ ለቀጣዩ ሌሊት ውርጭ ያጋልጣል። በዚህ ወቅት በሳምንት አንድ ጊዜ ረፋድ ላይ ማጠጣት ይበቃል፤ የየካቲት ሙቀትና የበልግ ዝናብ ሲመጡ አዲሱ ቅጠል ከሥር ይወጣል፤ ደረቁን ማጨድ የሚገባውም ያን ጊዜ ነው።