ድሬዳዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታዩ፦ ከፀሐይዋ ጋር ተስማሙ

ኅዳር ሲገባደድ ስልኬ ዕረፍት የለውም። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤልን ሊያነግሡ ከየሀገሩ የሚመጡ ዘመዶች፣ የዘመድ ወዳጆች፣ አንዳንዴም በስም እንኳ የማላውቃቸው ሰዎች "ድሬን አይተናት አናውቅም፤ ምን እንያዝ? የት የት እንሂድ?" ይሉኛል። ተወልጄ ያደግሁት ከዚራ በሚባለው የድሬ ሰፈር ነው። አባቴ ዕድሜ ልኩን ምድር ባቡር ሠርቶ በጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ እኔም አግብቼ ወልጄ እዚሁ አለሁ። በስልክ ለእያንዳንዱ እየደጋገምኩ የምናገረውን አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ፦ ድሬ ውስጥ ቀኑን የምታዝዘው ፀሐይ ናት። አርፍዶ ተነስቶ፣ ተረጋግቶ ቁርሱን በልቶ አምስት ሰዓት ላይ ከቤት የወጣ እንግዳ ገበያው ሲበተን ይደርሳል። ስድስት ሰዓት ላይ የተዘጋ ሱቅ በር ላይ ይቆማል። አመሻሹ ላይ ራሱን ይዞት ሲተኛ ደግሞ የከተማው ሰው ገና ለባብሶ መውጣቱ ነው። እንዲህ ሆኖ ሁለት ቀን ይሰነብትና "ድሬ ሙቀት ብቻ ናት" ብሎ ይሄዳል። ይህን ስሰማ ከልቤ አዝናለሁ።

አማቴ ከደብረ ብርሃን የመጡ ጊዜ እንዲሁ ሆነዋል። "ማሳ ላይ ያደግሁ ሰው ይህቺ ፀሐይ ምን ታደርገኛለች?" ብለው፣ በጥቁር ሹራባቸው ላይ ነጠላቸውን ደርበው፣ ቀትር ሲቃረብ ወጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባጃጅ ይዞልኝ መጣ፤ ፊታቸው በርበሬ መስሏል፣ ጭንቅላታቸው ሊፈነዳ ደርሷል። እግራቸውን በቀዝቃዛ ውሃ አጥቤ፣ ጨርቅ እያራስኩ ግንባራቸው ላይ እያደረግሁ አዋልኳቸው። በማግስቱ ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀስቅሼ ቀፊራ ገበያ ወሰድኳቸው። ከአንዲት ኦሮሞ እናት ጋር በጣት ብቻ እየተነጋገሩ ቲማቲም ተከራክረው ገዝተው፣ እየሳቁ ተመለሱ። ያቺው ከተማ ናት፤ የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው።

ስለ መምጫው ብዙ አልልም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። በአውቶቡስ መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ሌሊት ተነስቶ ቀኑን ሙሉ መጓዝ ነው። በአዲሱ ባቡር የምትመጡ ደግሞ ጣቢያው ከዚራ ያለው አሮጌው ለገሃር እንዳይመስላችሁ፤ አዲሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ ስለዚህ የሚቀበላችሁን ሰው ወይም ባጃጅ ቀድማችሁ አስቡ። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ሰሞን የምትመጡ ከሆነ አልጋ ሳትይዙ አትነሱ። በዚያን ጊዜ ድሬ ብቻ ሳትሆን ሐረርም በቁልቢ እንግዳ ይሞላል።

ስስ የጥጥ ልብስ፣ ክፍት ጫማና ባርኔጣ ያዙ። ሴቶች ሻሽ ወይም ነጠላ ለፀሐይም ለጨዋነትም ይጠቅማችኋል። አንድ ሹራብ ግን ሻንጣ ውስጥ ትኑር፣ ምክንያቱን ሐረር ስንደርስ እነግራችኋለሁ። ወባ ስላለ አጎበር የሌለው አልጋ ላይ አትደሩ። የሚጠጣ ውሃ የታሸገ ይሁን፤ የድሬ የቧንቧ ውሃ ከባድ ነው፣ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ይጋገራል፣ ሆዱ ያልለመደ እንግዳም ይቸገራል።

እንግዲህ ማለዳ። ቀፊራ መጋላ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ያለ ትልቅ ገበያ ነው፤ ቅስት ቅስት ባለው ግንቡ ታውቁታላችሁ። ከገጠር የኦሮሞና የሶማሌ እናቶች ሌሊት ተነስተው ወተት፣ አትክልት፣ ማገዶ ይዘው ይመጣሉ፤ ግመልና አህያም አብሮ ይገባል። ቅመም የሚሸጡት ጋ ስትደርሱ ቆም በሉ፤ ሔል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ በየማዳበሪያው አፍ ላይ ተከምሮ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። የግመል ወተት ካልቀመሳችሁ ትንሽ ብቻ አስቀዱ። ዕቃው በእንጨት ጭስ ስለሚታጠን መጀመሪያ አፍ ላይ የሚመጣው ጭሱ ነው፣ ከዚያ ጨው ጨው የሚል ነገር ይከተላል። ለሆድ አዲስ ነውና ከአንድ ብርጭቆ አትለፉ።

ከገበያው ስትወጡ ፉል ብሉ። ሌላ ቦታ በልተን እናውቃለን አትበሉኝ። እኔ የምወደው ቤት ባቄላው ሌሊቱን ሙሉ በቀስታ ሲንተከተክ ያድራል። ሰውየው በጭልፋ ቀድቶ ሸሃኑ ላይ በማንኪያ ጀርባ ይደፈጥጠዋል፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ከትፎ ይበትንበታል፣ መጨረሻ ላይ የጋለ ዘይት ሲያፈስበት ሽሽ ይላል። በትኩስ ዳቦ እየጠቀሳችሁ ነው የምትበሉት፤ ማንኪያ አትጠይቁ። ጣፋጭ ለሚወድ ደግሞ ፈጢራ አለ፤ ሊጡ እንደ ወረቀት ሳስቶ ተዘርግቶ፣ እንቁላል ገብቶበት ተጣጥፎ ይጠበሳል፣ ማር ይደረግበታል። አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል።

ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ወደ ቤት። አንድ ነገር ልይ ብላችሁ አትሟገቱ። ሱቆቹ ይዘጋሉ፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ እስከ ዘጠኝ አሥር ሰዓት ድረስ ከተማው ያርፋል። እኛ ቤት ሲሚንቶው ወለል ላይ ውሃ እረጫለሁ፣ መጋረጃውን እዘጋለሁ፣ ፍራሽ መሬት ላይ አነጥፋለሁ፣ ፋኑን ዝቅ አድርጌ እከፍታለሁ። ወለሉ እየደረቀ ሲሄድ ቅዝቃዜው ከታች ይሰማል፤ ልጆቼ ያደጉት በዚያ ወለል ላይ ቀትር ቀትር እየተኙ ነው። ሆቴል ያላችሁ ገላችሁን ታጥባችሁ ተኙ። ብዙ ወንዶች በዚህ ሰዓት በርጫ ላይ ናቸው፣ ተሰብስበው ጫት እየቃሙ ይጫወታሉ። ጫት ቃም ብሎ የሚያስገድዳችሁ የለም፤ "አልቅምም፣ ሻይ ይበቃኛል" ማለት ነውር አይደለም፣ ጨዋታው ግን ሊያመልጣችሁ አይገባም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ታጥባችሁ፣ ለብሳችሁ ውጡ። ከለገሃር ጀምሩ። ቃሉ ራሱ የፈረንሳይኛ ነው፣ "ላ ጋር" ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ወደ ሐረር ተራራውን መውጣቱ ከባድና ውድ ሆነ፤ ስለዚህ ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ቀረ፣ በዙሪያውም ከተማ በቀለ። መጀመሪያ ስሟ አዲስ ሐረር ነበር። የከዚራ መንገዶች ቀጥ ቀጥ ያሉት፣ ዛፎቹም በመስመር የቆሙት ለባቡሩ ተብሎ በፕላን የተሠራ ሰፈር ስለሆነ ነው። አባቴ እስከ ዛሬ በዚያ ሲያልፍ ኮፍያውን ያስተካክላል። የጣቢያው በር ላይ ያሉትን ጥበቃዎች በጨዋነት ሰላም ብላችሁ መግባት ይቻል እንደሆነ ብትጠይቁ ጥሩ ነው፤ ባይፈቀድላችሁም ፊት ለፊቱን አይታችሁ፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር በእግራችሁ ሂዱ። ካፌ ደጅ ተቀመጡ። ወቅቱ ከሆነ ጊሽጣ ግዙ፤ ጣት ሲጫነው እሺ የሚለውን ምረጡ፣ በእጅ ከፍታችሁ ፍሬውን እየተፋችሁ ብሉ።

ከዚያ ደቻቱን ተሻግራችሁ ወደ መጋላ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሌለው ሰፊ አሸዋ ነው፣ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላል። ሰው በአሸዋው ያቋርጣል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። እዚህ ላይ በጥብቅ የማሳስባችሁ አለ። በክረምትም ሆነ በበልግ ዝናብ ሰሞን በድልድይ ብቻ ተሻገሩ፣ በላያችሁ ያለው ሰማይ ጥርት ቢልም። ዝናቡ ደገኛው አገር ላይ ይዘንብና ጎርፉ ሳይታሰብ ይወርዳል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የወረደው ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ያን ሌሊት ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ብዙ ከባድ መኪና አንድ ላይ የሚያልፍ ነበር የመሰለኝ። ሲነጋ ወንዙ ዳር የነበሩ ቤቶች አልነበሩም። እንግዳ አሸዋው ላይ ቆሞ ፎቶ ሲነሳ ባየሁ ቁጥር ወደ ተራራው አያለሁ።

መጋላ ከከዚራ ፍጹም ሌላ ነው፤ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ሰው ይበዛል፣ ሳንቡሳ በየደጁ ይጠበሳል። ታይዋን የሚባለው ገበያ በጨርቅ፣ በጫማና በኤሌክትሮኒክስ የታወቀ ነው። የተጠራላችሁ ዋጋ መነሻ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ኤሌክትሪክ ነገር ከሆነ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሲሠራ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።

ባጃጅ ሁለት ዓይነት ነው። በመስመር የሚሄደው ሰው እየጫነ እያወረደ ያልፋል፤ መውረጃችሁ ሲደርስ "ወራጅ" ማለት ነው። ብቻዬን ውሰደኝ ካላችሁ ኮንትራት ይሆናል፣ ዋጋውን ሳትቀመጡ ተነጋገሩ። ስለ አነጋገራችንም አንድ ነገር። "ነይ አቦ"፣ "ተው አቦ"፣ "እንዴ አቦ!" ሲባል ትሰማላችሁ፤ ሰው አባቱን እየጠራ ወይም እየተቆጣ አይደለም፣ የድሬ ልጅ ፍቅሩንም ንዴቱንም በዚያችው ቃል ነው የሚናገረው። "ዋሪያ" (በሶማልኛ "አንተ" ብሎ እንደመጥራት ነው) ግን በጓደኛሞች መካከል ያምራል እንጂ እንግዳ ሆናችሁ የማታውቁትን ሰው በእሷ አትጥሩ። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ አትደንግጡ፤ ባልገባችሁ ጊዜ ጠይቁ፣ ደስ ብሎት የማይተረጉም የለም።

ሦስተኛ ቀን ካላችሁ ሐረር ሂዱ። በሚኒባስ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። መኪናው የደንገጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ሲወጣ ጆሯችሁ ይደፈናል፣ አየሩም ይቀየራል፤ ሐረር ከድሬ በ700 ሜትር ገደማ ትበልጣለች። ሹራቧ ለዚህ ናት፣ በተለይ ለማታው። በሐረማያና በጫት ገበያዋ በአወዳይ በኩል ታልፋላችሁ።

ሐረር ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ወርዳችሁ "መኪና ግርግር" በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ በእግር ውረዱ። ስሙ የመጣው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ጨርቅ እዚያው ገዝታችሁ ለልብስ ሰፊ ብትሰጡ ከተማውን ዞራችሁ ስትመለሱ ተሰፍቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ጁገል ውስጥ፣ ማለትም በግንብ በታጠረው አሮጌው ሐረር፣ መጥፋት አያስፈራም። በአሚር ኑር የተሠራው ግንብ የከበበው መሬት ከግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ የትም ብትሄዱ ከግንቡ ወይም ከገበያ ትደርሳላችሁ። የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ትከሻ ለትከሻ ከሚያስተላልፍ ጠባብ መንገድ ስትገቡ ቅድሚያ ለእናቶች ስጡ፣ ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ።

ብዙ እንግዳ በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም የሚጠራውን ራምቦ ቤትን አይቶ ይመለሳል፤ እዩት፣ ያምራል። እኔ ግን አንድ የሐረሪ ቤት ውስጥ ሳትቀመጡ አትመለሱ እላለሁ። እንግዳ የሚያሳድሩ ቤቶች አሉ። ጫማችሁን አውልቃችሁ ስትገቡ ከፍና ዝቅ እያለ የተሠራው መቀመጫ ነደባ ይባላል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት ስላለው የተባላችሁበት ቦታ ተቀመጡ። ግድግዳው በሣር ስፌት ተሸፍኗል፣ እያንዳንዷን የሰፋች እጅ አለች። አንዴ አንዲት እናት ከቡና ቅጠል የፈላ ቁጢ ቀድተውልኝ፣ እናታቸው የሰፏትን ስፌት ከግድግዳው አውርደው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ክሩ ከመጥበቁ የተነሳ ጥፍሬ መግቢያ አጣ።

ማታ አንድ ሰዓት ገደማ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ ታያላችሁ። ዋጋውን ቀድማችሁ ተስማሙ፣ አትሩጡ፣ ሥጋውን የሚሰጠው ሰው የሚላችሁን ብቻ አድርጉ። ከዚያ በኋላ ወደ ድሬ እንመለስ አትበሉ፤ እዚያው እደሩ። በማግስቱ በጊዜ ተነሱና ስትወርዱ ደንገጎ ላይ ሹራባችሁን አውልቁ፣ ቁልቁለቱ ሳያልቅ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። ድሬ የደረሳችሁት ከስድስት ሰዓት በኋላ ከሆነ ደግሞ የትም አትሂዱ፤ ገላችሁን ታጠቡና እስከ አሥር ሰዓት ተኙ።