ለፈረንጅ ገና ለንደን የምትሄዱ ከሆነ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለንደን የገባሁት ታኅሣሥ 16 ማለዳ ነው። በእነሱ ዲሴምበር 25 መሆኑ ነው። የዚያ ቀን ቲኬት ረከስ ብሎ ስላገኘሁት ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር። ለምን እንደረከሰ የገባኝ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ነው። የምድር ውስጥ ባቡር የለም። ቀዩ አውቶቡስም የለም። የአክስቴ ልጅ ቤት በታክሲ ስደርስ ለሳምንት የያዝኩት የኪስ ገንዘብ ሩቡ ሄዷል።

ስለዚህ አንደኛ፣ የመግቢያ ቀናችሁን አስተካክሉ። ቢዘገይ ዲሴምበር 23 ግቡ። ቪዛ ከጉዞው 3 ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፤ እስከ ኅዳር አትጠብቁ። ሌላውን የጉዞ ወረቀት ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛ፣ ካርድ ያዙ። የለንደን አውቶቡስ ከ2014 ጀምሮ (በእነሱ አቆጣጠር) ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። ውጭ አገር የሚሠራ የባንክ ካርድ ከሌላችሁ ኦይስተር የሚባለውን የጉዞ ካርድ ባቡር ጣቢያ ላይ ግዙ። ለባልና ሚስት አንድ ካርድ አይሆንም፣ ለየራስ ነው። ባቡር ላይ ስትገቡም ስትወጡም ካርዱን ማንበቢያው ላይ ታስነካላችሁ፤ አውቶቡስ ላይ ስትገቡ ብቻ።

ሦስተኛው 25ኛውን ቀን ማለፍ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር በዓል ቢሆንም ታክሲ አይጠፋም፣ የሰፈር ሱቅም በሩን ገርበብ ያደርጋል። እዚያ ግን ከተማው ጭር ይላል። ባቡሩም አውቶቡሱም ቀኑን ሙሉ ይቆማል። ከ280 ካሬ ሜትር የሚበልጥ ሱቅ በዚያ ቀን እንዳይከፍት ሕግ አለ። ትልልቆቹ ሙዚየሞችም ዝግ ናቸው። ትንንሽ የሰፈር ሱቆች ሊከፍቱ ይችላሉ፤ እነሱን ተማምናችሁ ግን ባዶ ፍሪጅ ይዛችሁ አትደሩ። አስቤዛችሁን 24 ከሰዓት በፊት ጨርሱ፣ በዚያ ቀን ሱቆች ቀድመው ይዘጋሉ።

ዘመድ ቤት የተጋበዛችሁ ከሆነ 24 ማታ እዚያው እደሩ። ሆቴል ከሆናችሁ ደግሞ መሀል ከተማ ያዙ፣ ትንሽ ቢወደድም። በእግር ከትራፋልጋር አደባባይ ተነስታችሁ እስከ በኪንግሃም ቤተ መንግሥት ትሄዳላችሁ። አደባባዩ ላይ የቆመው የገና ዛፍ በእነሱ አቆጣጠር ከ1947 ጀምሮ በየዓመቱ ከኖርዌይ የሚመጣ ስጦታ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለተደረገላቸው ድጋፍ ምስጋና። እንደዚያ ቀን ፎቶ የሚመች ቀን የለም፣ መንገዱ ባዶ ነው። ምግብ ቤት ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ቦታ ያዙ። እኔን ኤጅዌር ሮድ የሚባል መንገድ ላይ ያለ የአረብ ምግብ ቤት አንዴ ከረሀብ አድኖኛል።

በማግስቱም ቦክሲንግ ዴይ የሚሉት በዓል ነው። የምድር ውስጥ ባቡሩ በከፊል ይጀምራል። ወደ ሌላ ከተማ የሚሄደው ባቡር ግን በአብዛኛው ቆሞ ይውላል፣ በርሚንግሃም ያለ ጓደኛችሁን ለሌላ ቀን ቅጠሩት።

የሚጾም ሰው ካለ ሌላ ጣጣ አለ። የእነሱ ገና የሚውለው በጾመ ነቢያት መሀል ነው። ተርኪ የሚሉትን የወፍ ሥጋ እንቢ ማለት ቀላል ነው። እኔ የተሸወድኩት በድንች ነው። ድንች ምን አለበት ብዬ ሁለት ሳህን ካነሳሁ በኋላ በዝይ ስብ እንደተጠበሰ ነገሩኝ። የገና ፑዲንግ የሚሉት ጣፋጭም በባህሉ የከብት ሞራ ይገባበታል። ጋባዣችሁን ከሳምንት በፊት ንገሩት። ሱቅ ስትገዙ ቪጋን (ከእንስሳ የተገኘ ነገር የሌለበት) የሚለውን እዩ፤ ቬጀቴሪያን የሚለው ወተትና እንቁላል ሊኖረው ይችላል።

አዲስ ዓመት። ቴምዝ ወንዝ ላይ የሚተኮሰውን ርችት ከቅርብ ለማየት ቲኬት ያስፈልጋል፣ ቶሎም ያልቃል። ያለ ቲኬት ሄጄ አጥር ሥር ሁለት ሰዓት ቆሜ ጭስ አይቼ ተመልሻለሁ። አሁን ብሆን ፓርላመንት ሂል ኮረብታ ላይ ወጥቼ ከሩቁ አያለሁ። እንደኔ እንደኔ ይሻላል፣ ሻይ በቴርሞስ ይዞ መውጣት ይቻላል።

ልብስ ላይ አታብዙ። ከበረዶ ይልቅ ዝናቡ ነው የሚያስቸግረው፤ ውኃ የማያስገባ ጫማ ከወፍራም ካፖርት ይበልጣል። ካፖርቱን እዚያው ቻሪቲ ሾፕ የሚሉት የልባሽ መሸጫ ውስጥ በርካሽ ታገኛላችሁ። ቤት ውስጥ ደግሞ ማሞቂያው ያልባችኋል። የውጭ ጉብኝታችሁን በጠዋት ጀምሩ፣ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ጨልሟል።

ቀን ካላችሁ እስከኛ ገና ቆዩ። ያኔ ጃንዋሪ 7 ለፈረንጁ ተራ ቀን ስለሆነ ሁሉም ነገር ይሠራል። ቤተ ክርስቲያን ግን የሚታደረው ሌሊቱን ነው፤ ነጠላችሁን ሻንጣ ውስጥ ከላይ አድርጉት፣ ወደዚያ የሚያደርሳችሁን የሌሊት አውቶቡስ ቁጥርም ቀን ላይ ጠይቃችሁ ጻፉት።