ጃዝ ስትሰሙ ቤዙን ያዙ

የጃዝ ኮንሰርት ላይ መሀል ላይ ሙዚቃው ከጠፋባችሁ፣ ሳክስፎኑን ተዉትና ጆሯችሁን ለቤዙ፣ ለዚያ ወፍራም ድምፅ ላለው ባለ ክር መሣሪያ፣ ስጡ። ብዙ የቆዩ የጃዝ ዜማዎች 32 ባር ናቸው (አንድ ባር ብዙ ጊዜ አራት ምት ነው)፤ ስምንት ስምንት ሆነው አራት ቦታ ይከፈላሉ። ሶሎ (ለብቻው እየፈጠረ) የሚጫወተው ሰው የቱንም ያህል ርቆ ቢሄድ፣ ቤዙ ያንኑ ዙር እየደጋገመ ነው። በእግራችሁ ቀስ ብላችሁ እየመታችሁ፣ አራት አራት ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ስምንት ላይ ዜማው መልኩን ይቀይራል። ያቺን ቅያሪ መጀመሪያ የያዝኳት ቀን ደስታዬን የማደርገው ጠፍቶኝ ነበር!

ፊልም ላይም እንዲሁ ሞክሩ። አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ማይልስ ዴቪስ በ1957 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ለሉዊ ማል ፊልም ትራምፔት የተጫወተው ትዕይንቶቹን እያየ፣ እዚያው እየፈጠረ ነው። እንዲህ ያለ ትዕይንት ስታገኙ መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ፣ ከዚያ ከፍታችሁ እዩት። ልዩነቱ ጉድ ነው።

ልብ ወለድ ግን ለብቻው ነው። ሙዚቃ ከፍታችሁ አታንብቡ። ምዕራፉን ጨርሱና ታሪኩ ውስጥ የተጠቀሰውን ዜማ ፈልጋችሁ ስሙት። ሁለቱን አንድ ላይ ስሞክር ወይ ገጹ ወይ ዜማው ያመልጠኛል።