የ1788ቱን ችሎት በክፍላችሁ ውስጥ ማስቻል

ሐዋሳ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር የቅኝ ግዛት ዳኛ ምን ዓይነት ኑሮ እንደነበረው በቃል አልነግርም፤ ችሎት አስቀምጣለሁ። የምመርጠው ጉዳይ እንግሊዝ እስረኞቿን ባጋዘችበት የአውስትራሊያ ቅኝ ግዛት፣ ሲድኒ ላይ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሐምሌ 1788 የታየውን ነው።

መጀመሪያ ለዳኛው ወንበር ሰው ፈልጉ። ዴቪድ ኮሊንስ የሕግ ትምህርት ያልነበረው የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር መኮንን ነበር፤ እስረኞችን ባመጡት 11 መርከቦች ጥር ላይ ደርሶ ዳኛ ሆነ። ስለዚህ አንቀጽ የሸመደደውን ሳይሆን ሰው የሚያደምጠውን ልጅ አስቀምጡ። ከጎኑ ቄስ ሪቻርድ ጆንሰንና ሐኪሙ ጆን ኋይት ይሰየማሉ።

ከሳሾቹ ሄንሪ ኬብልና ሚስቱ ሱዛና ሆምስ ናቸው። ሁለቱም በስርቆት ሞት ተፈርዶባቸው ቅጣቱ ወደ ግዞት ተቀይሮላቸዋል፤ እስር ቤት ተዋውቀው ልጅ ወልደዋል። ርኅሩኅ ሰዎች አዋጥተው የገዙላቸው ዕቃ አሌክሳንደር በተባለችው መርከብ ተጭኖ ከመጻሕፍቱ በቀር ጠፋ። ተከሳሹ የመርከቧ አዛዥ ደንከን ሲንክሌር ነው። እኔ መጻሕፍት ብቻ በነጠላ ቋጥሬ እመጣለሁ። ሱዛና የሆነችው ተማሪ ቋጠሮውን ፈትታ የሕፃን ልብስ ስታጣ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ የሐይቁ ነፋስ መስኮቱን ሲያንኳኳ ሁሉ ይሰማል።

አሁን ዋናው ነገር። በእንግሊዝ ሕግ ሞት የተፈረደበት ሰው ከስሶ መሟገት አይችልም ነበር። በክስ ማመልከቻው ላይ ከሳሾቹ «አዲስ ሰፋሪዎች» ተብሎ ተጽፎ ተሰርዟል። ሰሌዳው ላይ ጻፉት፣ በአንድ መስመር ሰርዙት፣ ከዚያ ዝም በሉ። «ታዲያ ምን ተብሎ ይጻፍላቸው?» የሚለው ጥያቄ ከተማሪ አፍ ይውጣ። እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ መልሱን ተናገርኩና ክርክሩ እዚያው ሞተ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ክርክሩ ሲሞቅ በልሃ ልበልሃ ቢገጥሙ አትከልክሉ፤ የአያቶቻቸው የሙግት ስልት ነው።

ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ብቻ የእውነተኛውን ችሎት ፍርድ አንብቡ፤ ክሱን ተቀብሎ 15 ፓውንድ ፈርዶላቸዋል።

ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ካላችሁ ያንኑ ተማሪ በዚያው ወንበር መልሱት፤ አሁን ችሎቱ የወንጀል ነውና ስድስት መኮንኖች አብረውት ይቀመጡ። ኮሊንስ በዚያው ዓመት በየካቲት በዚህ መልክ ተሰይሞ፣ ቶማስ ባሬት ከመንግሥት ዕቃ ቤት ምግብ በመስረቁ ተሰቅሏል። ልጁ ይህን ፍርድ በራሱ ድምፅ ያንብብ። የእኔ ተማሪ ወረቀቱን ይዞ ረጅም ጊዜ ቆመ፤ አላስቸኮልኩትም።

ኬብል በኋላ የሲድኒ ዋና ኮንስታብል እንደሆነ ግን እስከ መጨረሻው አትንገሯቸው።