የወጣቶች አገልጋይ በጉዞና በትርፍ ጊዜው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የወጣት አገልግሎት ማለት የእሁድ መድረክ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ሳምንቱን የሚያውቀው ግን የሚያገለግለው ሰው ነው። አንድ ቀን ኳስ፣ አንድ ቀን የመዝሙር ልምምድ፣ አርብ አዳር ጸሎት፣ ቅዳሜ ደግሞ ልጆቹን ይዞ እንጦጦ ወይም መናገሻ። በመሀል አንዱ ይደውላል። ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ከቤት ወጥቷል። ማኪያቶ ይዛችሁ እስኪመሽ ትሰሙታላችሁ። እኔ ይሄን ሕይወት እወደዋለሁ። ልጆች እምነትን የሚማሩት መድረክ ላይ ከምንናገረው ባልተናነሰ አብረውን ሲውሉ ከሚያዩት ነው ብዬም አምናለሁ።

ታዲያ ለስብከት ሳምንቱን ሙሉ እየተዘጋጀን ለጉዞ ለምን "ዝም ብለን እንውጣ" እንላለን? ስብከት ላይ ብንሳሳት ሽማግሌዎች ያርሙናል። ተራራ ላይ ስንሳሳት የሚጎዳው ቤተሰቡ አምኖ የሰጠን ልጅ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች ናቸው። ስጽፍ የማስበው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትን የወጣቶች ኅብረት ነው፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ጉዞ የምታዘጋጁትንም አብዛኛው ይመለከታችኋል።

ጉዞውን ማጥመጃ ማድረግ

"ሃይኪንግ አለ፣ ምሳም አለ፣ ጓደኛ ይዛችሁ ኑ" ይባላል። ልጁ የሰፈር ጓደኛውን ይዞ ይመጣል። ጫፍ ላይ ሲደርሱ፣ ገና ላባቸው ሳይደርቅ፣ ረጅም ስብከት ይጀመራል። እንግዳው ልጅ የሚሄድበት ስለሌለው ቁጭ ብሎ ይሰማል። ተታለልኩ ብሎም ይመለሳል፤ ሁለተኛ አይመጣም፣ ጓደኛውም ሁለተኛ ሰው ለመጋበዝ ያፍራል።

ቃለ እግዚአብሔር የምታካፍሉ ከሆነ ጥሪው ላይ በግልጽ ጻፉት። ማፈር አያስፈልግም። ከዚያ አሳጥሩት፣ ቀሪውን ለመንገዱ ተዉት። ጎን ለጎን ሲሄዱ ልጆች የሚያወሩት ነገር ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ከሚያወሩት በጣም ይለያል፤ ዓይን ለዓይን ስለማይተያዩ ነው መሰለኝ፣ ስለ ፈተና ውጤት የጀመረው ወሬ ትንሽ ቆይቶ ስለ እናቱ ሕመም ይሆናል። መናገሻ ሱባ ለዚህ ግሩም ቦታ ነው። ደኑ ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ተጠብቆ እንደቆየ ይነገራል። ጽዱና ዝግባው ያስደንቃል፣ ጉሬዛዎቹ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ልጆቹ ስልካቸውን ይረሳሉ። እዚያ መሀል ማይክ ይዞ መቆም ለምን ያስፈልጋል?

"እግዚአብሔር ይጠብቀናል" ብሎ ሳይዘጋጁ መውጣት

ይጠብቀናል፤ አምናለሁ። እኛም ደግሞ እንድንጠብቅ ነው ልጆቹን የሰጠን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሌሎቹ ስህተቶች ይቅርታ በመጠየቅ ይስተካከላሉ፣ ይሄኛው ግን ላይስተካከል ይችላል።

ከውሃ ልጀምር። ቢሾፍቱ ሲባል ልጅ ሁሉ ዋና ያስባል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ግን አብዛኞቹ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ፣ ባቦጋያ ከ60 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ብዙ ቦታ ላይ ዳርቻው ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ ጥቂት እርምጃ ከገቡ በኋላ መሬቱ ከእግር ሥር ይጠፋል። ላንጋኖ ዳርቻው ረጋ ያለ ስለሆነ ይሻላል፣ ግን ውሃው ቡናማ ነው፣ አንድ ልጅ ከሥር ቢገባ ከላይ ሆኖ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ማን ዋና እንደሚችል ጠይቁ። "እችላለሁ" ያለውንም ቀስ ብላችሁ ፈትኑት፣ ከተማ ያደገ ልጅ ጓደኞቹ ፊት አልችልም ማለት ይከብደዋል። የማይችል ከወገቡ በላይ አይግባ። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አጣምሩ፣ አንዱ ለሌላው ተጠያቂ ይሁን። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ዳር ቆመው ይመልከቱ፣ ሥራቸው እሱ ብቻ ይሁን። ስልክ እያዩ መጠበቅ አይቆጠርም።

ተራራውም የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ልጆቹ ከፍታ የለመዱ ይመስለናል። እንጦጦ ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ አስም ያለበት ልጅ ወይም ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ ወዲያው ይታወቅበታል። ወንጪ ደግሞ ሰውን የሚያሳስተው በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ወደ ሐይቁ መውረድ ነው፣ ደስ ይላል፣ ሁሉም ይሮጣል፣ ይዘምራል፣ ፎቶ ይነሳል፤ ዳገቱ የሚመጣው ሁሉም ከደከመና ውሃው ካለቀ በኋላ ነው። የመውጫውን ሰዓት አስቀድማችሁ ወስኑ። ለደከመ ልጅ ከአካባቢው ሰዎች ፈረስ ለመከራየት የሚሆን ገንዘብ ለብቻ ያዙ፣ ልጁ እንዳያፍርም ከሌሎች ፊት ብዙ አታውሩበት።

ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ተራራ ላይ መገኘት ጥሩ አይደለም። ጠዋቱ ብሩህ ነበር ማለት ምንም ማለት አይደለም። መብረቅ ሲጀምር ለብቻው የቆመ ትልቅ ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ ነው፣ ብዙ ልጆች ግን መጀመሪያ የሚሮጡት ወደዚያ ነው። ሳይነጋ ለጸሎት ጫካ የምትገቡም በቡድን ሁኑ፣ መብራት ያዙ፤ እንጦጦ ጅብ አለው።

የቀረው ወረቀት ነው። የስም ዝርዝር፣ የቤተሰብ ስልክ፣ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካለ እሱ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን። ዝርዝሩ ስልካችሁ ላይ ብቻ አይሁን፣ ባትሪ ያልቃል። አንድ ቅጂ ከተማ ለቀረ ሰው ስጡ። መኪና ውስጥ ስትገቡም፣ ስትወርዱም፣ ከምሳ በኋላም ቁጠሩ።

ቦታው የማን እንደሆነ መርሳት

የአዲስ አበባ አካባቢ ተራሮች ባዶ መሬት አይደሉም። እንጦጦ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ጠበል አለ፣ ታምሞ ፈውስ የሚለምን ሰው አለ። ዝቋላ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ነው፣ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ምዕመናን ከሩቅ የሚመጡበት። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ስፒከር ይዞ ወጥቶ በከፍተኛ ድምፅ መዘመር፣ "እኛም እኮ የምናመልከው እግዚአብሔርን ነው" ብሎ መከራከር፣ ለልጆቹ የምታስተምሩት ትምህርት ምንድን ነው? የኦርቶዶክስ ጓደኛ ይዞ የመጣ ልጅ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን አስቡት። ገዳም የምትሄዱ ከሆነ አስፈቅዱ፣ ሥርዓቱን ጠይቁ፣ ጫማ አውልቁ ከተባላችሁ አውልቁ፣ አለባበሳችሁን አስተካክሉ። መዝሙሩን ሌላ ቦታ ትዘምሩታላችሁ።

የገበሬ ማሳም እንደዚሁ ነው። አቋራጭ ተብሎ ስንዴ መሀል የሚገባ ቡድን አይቻለሁ፣ ያሳዝናል። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ይዞ መመለስ ደግሞ ማንንም አይከብድም።

መዋጮውን ለሁሉም እኩል ማድረግ

ፍትሐዊ ይመስላል፣ አይደለም። ኪሱ ባዶ የሆነ ልጅ "ብር የለኝም" አይልም። "ቅዳሜ ሥራ አለብኝ" ይላል። ሁለት ሦስት ጉዞ በተከታታይ የሚቀር ልጅ ካለ መጀመሪያ ይሄን ጠርጥሩ። አንዳንድ ኅብረቶች የሚያደርጉት ጥሩ ዘዴ አለ፦ ዋጋው ይነገራል፣ ያለው ትንሽ ጨምሮ ይከፍላል፣ የሌለው አንድ ለሚያምነው አስተባባሪ ብቻ ይነግራል፣ ዝርዝሩ ላይ ግን ሁሉም ከፍሏል ተብሎ ይጻፋል። ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ ግን ልጅን ማዋረድ ነው፣ በፍጹም አታድርጉት።

ምግብ ላይም አንድ ነገር። ጉዞው ረቡዕ፣ አርብ ወይም ሁዳዴ ላይ ከዋለ የጾም ምግብ ይኑር። እንግዳ ልጅ ይኖራል። ሽሮና አትክልት ማንም ይበላል፤ ክትፎ ፊት ጾሞ መዋል ግን ለተጋበዘ ሰው አይገባም።

ፎቶውን ወዲያው መልቀቅ

ገና ከተራራው ሳይወረድ ቲክቶክ ላይ ይወጣል። አንዳንዱ ልጅ ቤተሰቡ የሌላ እምነት ተከታይ ነው፣ የት እንደዋለ አልተናገረም፣ ወይም ለመናገር ጊዜ እየጠበቀ ነው። አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ የሚያስነሳውን ጸብ እኛ አናየውም። ልጅቷ ዋና ልብስ ለብሳ ውሃ ዳር የተነሳችው ፎቶ ደግሞ የት ድረስ እንደሚሄድ ማን ያውቃል? አስፈቅዱ። ከ18 ዓመት በታች ከሆኑ ወላጅም ይጠየቅ። ሲጸልዩና ሲያለቅሱ የተቀረጸ ነገር ደግሞ ቢፈቅዱም ባይለጠፍ ይሻላል። በዚያ ሰዓት የሆነው ነገር የእነሱና የእግዚአብሔር ነው።

ከአንድ ልጅ ጋር ብቻ መቅረት

ጉዞው ሲያልቅ የመጨረሻዋን ልጅ ቤቷ ማድረስ ደግነት ነው። ብቻችሁን ከሆነ ግን አታድርጉት። ወንድም ይሁን ሴት፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይኑሩ፣ ምክርም ከሆነ ሰው በሚያይበት ቦታ ይሁን። አዳር ካለ የወንዶቹና የሴቶቹ ማደሪያ ይለይ፣ በየማደሪያውም ከአንድ በላይ ኃላፊ ይደር። "እኔን ይጠረጥሩኛል እንዴ?" ብሎ መከፋት አያስፈልግም፤ ደንቡ ልጆቹን የሚጠብቀው ለሁሉም እኩል ሲሠራ ነው፣ ዋናው ፓስተርም ቢሆን።

ወጣት ሁሉ ኳስ ይወዳል ብሎ ማሰብ

ኳስ ያሰባስባል፣ አልክድም። የአርሴናልና የማንቸስተር ክርክር ብቻውን ግማሽ ኅብረት ያመጣል። ግን ሁልጊዜ ኳስ ከሆነ ሴቶቹ ዳር ተቀምጠው ቦርሳ ጠባቂ ይሆናሉ፣ ኳስ የማይሆንለት ልጅም ሁሌ መጨረሻ ይመረጣል። ቼዝ የሚወድ አለ፣ የሚስል አለ፣ ኮምፒውተር የሚፈታታ አለ፣ ቡና ማፍላት የሚያውቅ አለ። እነሱ ያስተምሩን። አገልጋይ ልጁ ጎበዝ በሆነበት ነገር ተማሪ ሆኖ ሲቀመጥ የልጁ አቀማመጥ ራሱ ይለወጣል።

አብሮ መሮጥ ለሚፈልግ ቡድን ታላቁ ሩጫ አለ። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረ፣ በየዓመቱ ኅዳር ላይ የሚካሄድ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ቀርፋፋውም ፈጣኑም ይሮጣል፣ ለወጣት ኅብረት ከዚህ የተመቸ ነገር አላየሁም። ምዝገባው ቶሎ ስለሚሞላ ቀድማችሁ አስቡበት፣ ልምምዱንም ከወራት በፊት ጀምሩ።

እናንተ ራሳችሁ ኳስ የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ ዳኛ ላይ አትጩኹ። እሁድ ስለ ትዕግሥት ትሰብካላችሁ፣ ልጆቹ ደግሞ ሜዳው ላይ ነበሩ።

የራስ የሆነ ምንም ነገር አለማስቀረት

ይሄ ከሁሉም ቀስ ብሎ የሚገባ ስህተት ነው። ጊታር የምትወዱት ለራሳችሁ ነበር፤ አሁን የመዘምራኑ ጊታሪስት ናችሁ። ካሜራ ገዛችሁ፤ አሁን የቤተ ክርስቲያኑ ሚዲያ ክፍል ናችሁ። ጠዋት መሮጥ ጀመራችሁ፤ ሳምንት ሳይሞላ "የወጣቶች ሩጫ" ተብሎ ማስታወቂያ ወጣለት። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ መልካም ነው። ሁሉም ሲደመር ግን ሰውዬው አገልጋይ ያልሆነበት አንድም ሰዓት አይቀረውም። ከዚያ ይደክማል፣ ይነጫነጫል፣ ልጆቹንም እንደ ሥራ ማየት ይጀምራል።

ማርቆስ 6፥31 ላይ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ለብቻቸው ወጣ ብለው ጥቂት እንዲያርፉ ይነግራቸዋል፤ የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ከመብዛቱ የተነሳ ለመብላት እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም። ብዙዎቻችን ክፍሉን ለሌሎች ሰብከነዋል። አንድ ነገር ለራሳችሁ አስቀሩ። ማንም የማይጋበዝበት፣ ፎቶ የማይነሳበት፣ ሪፖርት የማይጻፍበት። ዓሣ ማስገር ይሁን፣ አትክልት መትከል፣ ክራር መማር፣ ዝም ብሎ መራመድም ይሁን።

ባለትዳር የሆናችሁ ደግሞ ይሄን አስተውሉ፦ ሚስታችሁንና ልጆቻችሁን ከአርባ ወጣት ጋር ላንጋኖ መውሰድ የቤተሰብ ዕረፍት አይደለም። እነሱ ያን ቀን ያገኙት ሲቆጥር፣ ሲያስተባብርና ስልክ ሲያነሳ የዋለ ሰው ነው። ባሎቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ እህቶችም ያው ነው። ለቤተሰብ ሌላ ቀን ያዙ፣ በካላንደር ላይ ተጽፎ፣ ሽማግሌዎች የሚያውቁት። በዚያ ቀን የወጣቶቹን ስልክ የሚያነሳ ምክትል ይኑር፣ ቁጥሩም ግሩፑ ላይ ይለጠፍ፣ አስቸኳይ የሚባለው ምን እንደሆነም ከእሱ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ።