ጎረቤት የሚቀሰቅስ ሆም ቴአትር፦ ችግርና መፍትሄ

ገመድ መሰካትና ድምፅ መቀነስ ታውቃላችሁ ብለን እንለፈው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ሐይቅ፣ ሆም ቴአትር የገባበት ቤት ብዙውን ጊዜ ቢያንስ አንዱን ግድግዳ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ይጋራል፤ ወይ ሰርቪስ ነው፣ ወይ በረድፍ የተሠራ የኪራይ ቤት፣ ወይ ኮንዶሚኒየም። ስሞታው «ኧረ ድምፅ ቀንሱልን» ተብሎ ይመጣል። ይቀነሳል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ፊልሙን አይሰማም፣ ጎረቤቱም አይተኛም። ግድግዳ የሚያልፈው ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ነውና ጠቅላላውን ድምፅ ማውረድ ብቻውን አይፈታውም።

ምልክት፦ ጎረቤት «ግድግዳው ይደልቃል» ይላል፣ እናንተ ደግሞ «ቤዙ አነሰ» ትላላችሁ

ተደጋግሞ የሚመጣው ይህ ነው። ሁለቱም ወገን እውነቱን ነው።

መንስኤው ሰብዉፈሩ (ቤዙን የሚያወጣው ሣጥን፣ ባጭሩ ዉፈሩ) የተቀመጠበት ቦታ ነው። ከዕቃው ጋር የሚመጣው ገመድ አጭር ስለሆነ ከቲቪው አጠገብ ጥግ ውስጥ ይወተፋል። ቲቪው የሚቆመው መስኮትና በር በሌለው ግድግዳ በኩል ነው። በረድፍ ቤት መስኮትና በር የሌለው ግድግዳ የቱ ነው? የጋራው። ከጀርባው የጎረቤት አልጋ ራስጌ አለ፤ እሱም መስኮትና በር የሌለውን ግድግዳ መርጧልና።

ጥግ ላይ ወለሉና ሁለቱ ግድግዳዎች ቤዙን እየመለሱ ይደራርቡታል፤ እያንዳንዱ እስከ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ሊጨምርበት ይችላል። የ40 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ፣ ድምፅ አንድ ሞገዱ 8 ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። 4 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ 43 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተመላለሰ ባለበት ይቆማል፤ ግድግዳዎቹ ላይ ከፍተኛ፣ ክፍሉ መሃል ላይ ከሞላ ጎደል ባዶ ይሆናል። ሶፋው መሃል ላይ ነው። ባለቤቱ ቤዝ የጠፋበት ቦታ ተቀምጦ ቁልፉን ይከፍታል፣ ጨምሮ ይከፍታል፤ ጭማሪውን የሚቀበለው ግድግዳው ነው። ብሎኬት አያስቀረውም። የድምፁ ኸርዝ በግማሽ በወረደ ቁጥር ያው ግድግዳ የመከልከል አቅሙ በ6 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ለዚህ ነው ጎረቤት ቃል ሳይሰማ ድምታ ብቻ የሚሰማው።

መፍትሄው ዉፈሩን ከጥግ ማውጣት ነው። ከጋራው ግድግዳ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። የተሻለው ደግሞ ወደ ሶፋው ማምጣት ነው፦ ከሶፋው ጎን ወይም ከኋላው፣ ከተቀመጠው ሰው ከ50 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር፣ የጋራ ባልሆነው ግድግዳ በኩል። ቅርብ ስለሆነ ቁልፉ በጣም ወርዶም ቤዙ ለእናንተ ይበቃል። ሌላ ምንም ሳይነካ በዚህ ብቻ የሚያልቅ ስሞታ ብዙ ነው።

ገመዱ አይደርስም ይባላል። የራሱ መብራት ገመድ ያለው ዉፈር ከሆነ 5 ወይም 8 ሜትር የአርሲኤ ገመድ ይበቃል። ከዋናው ዕቃ በሁለት ሽቦ የሚነዳ ከሆነ 2×1.5 ሽቦ ቀጥሉ። ማስጠንቀቂያ፦ ዕቃው ጠፍቶ፣ ከሶኬት ተነቅሎ ቀጥሉት። መጋጠሚያውን በተርሚናል እሰሩ፤ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ ምንጣፍ ስር እየተረገጠ ይላጣል፣ ሁለቱ ይነካካሉ፣ የአምፕሊፋየሩ አይሲ ይቃጠላል። ያን አይሲ ለመቀየር የሚወጣው ገንዘብ ደህና ሽቦ በብዙ ሜትር ይገዛል።

ቦታው ከተቀየረ በኋላ የቤዙን ቁልፍ ጨርሳችሁ ዝጉና በንግግር ድምፅ ፊልም ክፈቱ። ቀስ እያላችሁ አንሱት፤ ዉፈሩ መኖሩ ሲታወቅ ሳይሆን ሲጠፋ «ጎደለ» የሚያሰኝበት ቦታ ላይ አቁሙ። ብዙ ጊዜ ከሩብ አያልፍም። ቁልፉን በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉበት፣ ልጆች መልሰው ይከፍቱታልና። የክሮስኦቨር ቁልፍ (ዉፈሩ ከስንት ኸርዝ በታች እንደሚጫወት የሚወስነው) ካለው ትንንሽ ስፒከር ያለው ሰው 120 ላይ፣ ወፈር ያለ ስፒከር ያለው 80 ላይ ያድርገው። ከ120 ካለፈ የወንድ ድምፅ ከሶፋው ጎን የሚመጣ ይመስላል። ፌዝ የሚባለውን ማብሪያ ከ0 ወደ 180 እየቀያየራችሁ ቤዙ የሚጎላበትን ምረጡ፤ የጎላውን ያህል ደግሞ ቁልፉን አውርዱ። ሣጥኑ ላይ የአየር ቀዳዳ ካለው በተጠቀለለ ስፖንጅ ወይም በካልሲ ድፈኑት፤ ግድግዳ የሚያልፈው የታችኛው ቤዝ በግልጽ ይቀንሳል። ሲደፈን የዉፈሩን ኮን እንዳይነካ።

ከዚያ የመጨረሻው ምርመራ ጎረቤት ቤት ውስጥ ነው። ቡና ሲጠሩ ሂዱና አንድ ሰው ከ20 እስከ 120 ኸርዝ የሚወጣ የሙከራ ድምፅ ቤታችሁ ያጫውት፤ በስልክ ወይም በትንንሽ ብሉቱዝ ስፒከር አይሆንም፣ በራሱ በሆም ቴአትሩ ይሁን። በጎላበት ቁጥር ላይ ኢኳላይዘር ካላችሁ 6 ዴሲቤል ቀንሱ። የስልክ መለኪያ አታምጡ። በአገራችን ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው የድምፅ ልክ ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል ነው፤ ግን ይህ የሚለካበት «ኤ» የሚባለው ሚዛን 50 ኸርዝን በ30 ዴሲቤል አሳንሶ ያነባል። ስልኩ 38 ሲል የጎረቤት ብርጭቆ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። «ከልኩ በታች ነኝ» ብሎ እትዬን መከራከር ቤዙን አይቀንሰውም።

እስካሁን የተሞከሩትና የማይሠሩት ደግሞ እነዚህ ናቸው። ዉፈሩን አፉን ከጎረቤት ማዞር፦ ቤዝ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚሄድ ለውጥ የለውም። ቡፌ ውስጥ መቆለፍ፦ ቡፌው ራሱ ሁለተኛ ከበሮ ይሆናል። ጋቢ ማልበስ፦ ድምፅ አይከለክልም፣ አምፕሊፋየሩን ግን ያፍነዋል፤ አድርጎ ያቃጠለ አለ። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ፦ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ትንሽ ያደርቃል፣ ወደ ጎረቤት የሚያልፈውን አይነካውም፣ ክብሪት ሲነካው ደግሞ ቤት ይበላል። ፍራሽ ስፖንጅም እንደዚያው። ግድግዳ ላይ የሚሠራው ክብደትና አየር አለማሳለፍ ነው። ብሎኬቱ ያልተለሰነ ከሆነ ልስን ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል፣ በቀዳዳዎቹ የሚያልፈውን አየር ይዘጋልና። ጀርባ ለጀርባ የተገጠሙ ሶኬቶች፣ የዲሽ ገመድ የገባበት ቀዳዳ፣ ከበሩ ስር ያለው ክፍተት መጀመሪያ ይደፈኑ።

ምልክት፦ ንግግሩ ሹክሹክታ፣ ፍንዳታው ጆሮ ይበጥሳል

ሪሞቱ ከእጅ የማይወርደው ለዚህ ነው። በ5.1 (ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ዉፈር በተከፋፈለ ድምፅ) ፊልም ውስጥ ንግግሩ ከሞላ ጎደል ሁሉ መሃለኛው ስፒከር ውስጥ ነው። መሃለኛው ከተቋረጠ፣ ከተሸፈነ ወይም ቲቪው ኋላ ከተጣለ ሰው ቃል ለመስማት ሁሉንም ይጨምራል፣ ፍንዳታው ሲመጣ ሰፈሩ ይነሳል።

ከሴቲንግ መሃለኛውን በ3 ዴሲቤል አንሱ፣ ዉፈሩን በ3 አውርዱ። «ናይት» ወይም «ዲአርሲ» የሚል ካለ ማታ ክፈቱት፤ ከፍተኛውን ያወርዳል፣ ዝቅተኛውን ያነሳል። ሁለት ስፒከር ብቻ ካላችሁ የቲቪውን ወይም የማጫወቻውን የድምፅ ውጤት ፒሲኤም ወይም ስቴሪዮ አድርጉት፤ ያኔ የመሃሉ ንግግር በሁለቱ ይደባለቃል። ባለ 5.1 መውጫ ካለው ማጫወቻ የፊቱን ሁለት ብቻ መሰካት ንግግሩን ትቶ ሙዚቃውን ማዳመጥ ነው። ሪሲቨሩ በቀይና በነጭ ገመድ ብቻ ከተገናኘ ስቴሪዮ ነው የሚሰጠው፤ ሆም ቴአትሩ ላይ ፕሮ ሎጂክ የሚለውን ክፈቱ፤ ከስቴሪዮው ንግግሩን ለይቶ ለመሃለኛው ይሰጣል።

አንድ ብዙ የሚታለፍ ነገር አለ፦ የአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር ሽቦ መገልበጥ። የተገለበጠ ስፒከር ከጓደኛው ጋር ሲጫወት አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙ ይሳሳል፣ ድምፁ መሃል ይጠፋል፣ ባለቤቱም ዉፈር ይጨምራል። ሽቦዎቹን ከአምፕሊፋየሩ ነቅላችሁ የ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት አስነኩ፤ የባትሪው ፖዘቲቭ ቀዩን ሲነካ ኮኑ ወደ ውጭ መግፋት አለበት። ትዊተር ለሚባለው፣ ቀጭን ድምፅ ለሚያወጣው ትንሽ ስፒከር፣ አታድርጉት። ይህ ጥፋት የሚበዛው በርካሽ ስፒከሮች ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጡም ሽቦው ላይ ያለው ቀለም ውስጥ ካለው የማይገጥም አለ። ሣጥኑ ላይ «5000 ዋት ፒኤምፒኦ» ተጽፎ ከኋላው የሚበላው መብራት 60 ዋት የሚል ዕቃ የትኛውም ቁጥሩ አይታመንም።

ምልክት፦ ጎረቤት ሲያስል ይሰማችኋል

እሱ ከተሰማችሁ የእናንተም ድምፅ ለእሱ ይሰማል። የረድፍ ቤት ግድግዳ ብዙ ጊዜ ኮርኒስ ላይ ያልቃል፤ ከኮርኒሱ በላይ ከቆርቆሮው ስር ያለው ባዶ ቦታ የሁሉም ነው። ኮርኒሱ ችፑድ ወይም የተሰፋ ማዳበሪያ ከሆነ ድምፅ ወደ ላይ ወጥቶ ጎረቤት ቤት ይወርዳል። በዚህ በኩል የሚያልፈው ቤዝ ብቻ አይደለም፤ ቃል ሁሉ ያልፋል። መለያውም ይኸው ነው። በኮርኒሱ መውጫ በኩል ባትሪ አብርታችሁ ተመልከቱ።

አከራዩ ከፈቀደ ግድግዳውን እስከ ቆርቆሮው በብሎኬት ማስቀጠልና ከቆርቆሮው ሞገድ ስር ያለውን ክፍተት በሲሚንቶ መድፈን ነው። የጭቃ ቤት ከሆነ በእንጨት ማገር አድርጎ በሁለቱም በኩል መምረግ። ካልፈቀደ የኮርኒሱን ቀዳዳዎችና የአምፖል ክፍተቶች ድፈኑ። ማስጠንቀቂያ፦ ጭድ፣ ጨርቅ፣ ስፖንጅ ኮርኒስ ላይ አትሙሉ፤ የመብራት ሽቦው እዚያው ነው ያለው። ማስጠንቀቂያ፦ ችፑድ ላይ አትርገጡ፣ እንጨቱን ርገጡ።

ምልክት፦ ስሞታው ከታችኛው ፎቅ ነው

ዉፈሩን ከወለሉ ማላቀቅ ነው። 40×40×4 ሳንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ንጣፍ 15 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ከስሩ 5 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ፣ ከላዩ ዉፈር። ስፖንጁ ክብደቱ ሲያርፍበት ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር መስመጥ አለበት። ካልሰመጠ ደርቋል፣ ግማሹን ከሰመጠ ላልቷል። የመኪና ጎማ ቆርጦ ማንጠፍ የተለመደ ነው፣ ግን ለ8 ኪሎ ሣጥን እንደ ድንጋይ ነው። መሬት ላይ ባለ ሊሾ ቤት ይህን ሁሉ አትልፉበት፤ እዚያ ቤዙ በአየር ነው የሚሄደው። አግሮስቶን ግድግዳ ላይ ስፒከር በብሎን አትስቀሉ።

የቀሩት

መብራት ሄዶ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲመለስ ዕቃው በራሱ ይጮሃል፦ የሜካኒካል ማብሪያ ያለው ነው፤ ከመተኛታችሁ በፊት ከሶኬት ንቀሉ።

ፊልም ሳይኖር «ምም» የሚል ድምፅ፦ የዲሹ ወይም የቲቪው ገመድ ሲነቀል ከጠፋ ምድር የሚባለው ሽቦ ተደራርቧል፤ ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ ስጡ።

ክረምት ላይ ቆርቆሮው ዝናብ ሲያንባርቅ ድምፅ ተጨምሮ፣ ሲያባራ እንዳለ ይቀራል፦ ሲዘንብ ከ3 ደረጃ በላይ አትጨምሩ፣ ጽሑፍ ያለው ፊልም ክፈቱ።

ኮምቦልቻና ባቲ በመስኮት ነው የሚወጣው፦ ሙቀት ስለሆነ መስኮት ክፍት ያድራል፣ ቃል ሁሉ ይሄዳል። ስፒከሮቹን ከመስኮቱ አዙሩ፤ ከቤዝ በተቃራኒ ቀጭን ድምፅ አቅጣጫ ይከተላል። ደሴ ተዳፋት ላይ ደግሞ የናንተ የኋላ መስኮት ከታችኛው ቤት ጣሪያ ትይዩ ነው፤ ብርዱ ብዙውን ጊዜ ስለሚያዘጋው ስሞታው ያንሳል።

የሚንኳኳ ስኒና ብርጭቆ፦ የሙከራውን ድምፅ እያጫወታችሁ በእጅ ያዙ፤ ሲያዝ ዝም ያለው እሱ ነው። ከስሩ ጨርቅ።

ሰዓቱንም አስቡ፦ በረመዳን ለሱሁር የሚነሳውና እሁድ ለቅዳሴ የሚነሳው አንድ ግቢ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ዉፈሩ ጨርሶ ይዘጋ። በሰፈሩ ለቅሶ ካለ የሚስተካከል ነገር የለም፣ ዕቃው ይጠፋል።

ብሉቱዝ ሄድፎን ላይ ከንፈርና ድምፅ ካልገጠሙ፦ መዘግየቱ ከሄድፎኑ ነው፤ ቲቪው ላይ «ኤቪ ሲንክ» ካለ አስተካክሉ፣ ከሌለ በገመድ ሄድፎን ተኩት።