የአልፋ ሮሜዮ 33ን ታሪክ ለመለየት ከሻንሲው ይጀምሩ

የጣሊያኑ የውድድር መኪና አልፋ ሮሜዮ ቲፖ 33 ከ1967 እስከ 1977 ተወዳድሯል (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በእነዚህ ዓመታት ቦዲው ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል፤ ጣሪያው ተነስቷል፣ ጅራቱ ረዝሟል፣ ተመልሶም አጥሯል። ስለዚህ ታሪኩን በውጪ መልኩ ለመከታተል የሚሞክር ሰው ቶሎ ይደናገራል። እኔ መካኒክ ነኝ፤ ምክሬም የመካኒክ ነው። ቦዲውን ይተዉትና ሻንሲውን፣ ማለትም ሁሉን የሚሸከመውን የመኪናውን አጽም፣ ይዩ። ዋና ዋናዎቹ ሻንሲዎች አራት ናቸው። አራቱን የለየ ሰው የቀረውን ታሪክ በየቦታው ማስቀመጥ አይከብደውም።

ከመጀመሪያው ሻንሲ ጋር ጊዜ ወስደው ይቆዩ፤ ከሁሉም እንግዳው እሱ ነው። በግራና በቀኝ ሁለት ወፋፍራም ቱቦዎች አሉ፤ በመካከል ሦስተኛው ያገናኛቸዋል። ከላይ ሲታይ የላቲኑን ኤች ፊደል ይመስላል። ቱቦዎቹ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው፣ ከአሉሚኒየም ቆርቆሮ የተሠሩና በሪቬት (ራሱ ተቀጥቅጦ በሚያጣብቅ ምስማር) የተያያዙ ናቸው። ከፊትና ከኋላ ከማግኒዚየም የተቀረጹ አካላት ገብተው የመኪናውን እግሮች ይሸከማሉ። ቤንዚኑ የሚቀመጠው እዚያው ቱቦዎቹ ውስጥ፣ በጎማ ከረጢት ነው። ሹፌሩ እንግዲህ በቀኙም በግራውም ቤንዚን ይዞ ነው የሚነዳው። መኪናው በሙሉ 600 ኪሎ አይሞላም ነበር። እንዲህ ያለ ሻንሲ ለመሥራት ድፍረት ይጠይቃል፤ ድፍረቱም የአውቶዴልታ መሪ የነበረው የኢንጂነር ካርሎ ኪቲ ነው። አውቶዴልታ ሚላኖ አጠገብ በሴቲሞ ሚላኔዜ የነበረ የአልፋ የውድድር ክፍል ነው።

ይህን ሞዴል በፎቶግራፍ ለመለየት ከሹፌሩ ራስ በስተኋላ ይመልከቱ። ወደ ላይ የቆመ የአየር መሳቢያ ካለ የ1967ቱ ነው፤ ጣሊያኖቹም በዚሁ ምክንያት ፔሪስኮፒካ (ባለ ፔሪስኮፕ) ይሉታል። ሞተሩ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 1,995 ሲሲ፣ ወደ 270 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። መጋቢት 12 ቀን 1967 ቤልጅየም ውስጥ ፍሌሮን በተባለ የዳገት ውድድር ቴዎዶሮ ዜኮሊ ይዞት ወጣና አሸነፈ። በ1968 ጣሪያ ያለው ሞዴል በአሜሪካው የ24 ሰዓት ውድድር ዴይቶና ላይ አምስተኛ፣ ስድስተኛና ሰባተኛ ወጣ፤ በፈረንሳዩ የ24 ሰዓት ውድድር ሌ ማን ላይ ደግሞ አራተኛ፣ አምስተኛና ስድስተኛ። በ2 ሊትር ሞተር ከዚህ በላይ መጠበቅ አይቻልም ነበር።

ሁለተኛውን ሻንሲ ለመረዳት አስቀድመው የውድድሩን ደንብ ይወቁ። ከ1968 ጀምሮ የፕሮቶታይፕ (ለውድድር ብቻ የተሠሩ) መኪኖች ሞተር ከ3 ሊትር እንዳይበልጥ ተደነገገ። አልፋም በ1969 ኤቹን ትቶ ቆርቆሮው ራሱ ሸክሙን የሚይዝበት ሞኖኮክ ሻንሲና 3 ሊትር ሞተር ይዞ መጣ፤ ስሙ 33/3 ነው። ጅምሩ ከባድ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት ውስጥ ሉሲየን ቢያንኪ በሌ ማን የሙከራ ቀን በዚህ መኪና ሕይወቱ አለፈ። ፍሬው የታየው በ1971 ነው። እንግሊዝ ውስጥ ብራንድስ ሃች ላይ የአልፋ ሹፌሮች ዴ አዳሚክና ፔስካሮሎ በሌላ ምድብ 5 ሊትር የተፈቀደለትን ፖርሼ 917ን ቀድመው ገቡ። ሲሲሊ ውስጥ በታርጋ ፍሎሪዮ ኒኖ ቫካሬላና ቶይን ሄዘማንስ አሸነፉ። ቫካሬላ የሲሲሊዋ ከተማ የፓሌርሞ ሰው ነበር፤ መተዳደሪያውም መምህርነት ነበር። ያንን 72 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለውን የተራራ መንገድ እንደ ሰፈሩ ያውቀው ነበር።

ሦስተኛው ሻንሲ በ1972 መጣ፤ ከቀጫጭን ቱቦዎች የተበየደ ነው። ቲቲ የሚለው መለያም ይህንኑ የቱቦ ሻንሲ ያመለክታል። ብዙ ሰው ይህን ወደ ኋላ መመለስ አድርጎ ያየዋል፤ እኔ ግን አልስማማም። የተጎዳ ሞኖኮክ ቀንቶ እንዲመለስ ማድረግ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ የሠራበት ያውቃል። የተበየደ ቱቦ ግን ይቆረጣል፣ ይቀየራል፣ አዲስ ሐሳብም ቶሎ ይሞከርበታል። በ1973 የኪቲ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር በዚሁ የቱቦ ሻንሲ ላይ ተቀመጠ። ስድስቱ ሲሊንደሮች ወደ ግራ፣ ስድስቱ ወደ ቀኝ ተኝተዋል፤ ክብደቱም ወደ መሬት ይወርዳል። ጉልበቱ 500 ያህል ነበር። በ1974 ጣሊያን ውስጥ ሞንዛ ላይ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ወጣ፤ አንደኛውን መኪና የነዱት ማርዮ አንድሬቲና አርቱሮ ሜርዛርዮ ናቸው። በ1975 ሰባት ውድድሮችን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

አራተኛው ኤስሲ 12 ይባላል። ቱቦው ቀርቶ ሻንሲው እንደ ሳጥን በታጠፈ ቆርቆሮ ተሠራ፤ ሞተሩ ያው ባለ 12ቱ ነው። በ1977 በስፖርት መኪኖች የዓለም ሻምፒዮና ስምንቱንም ዙር ጠራርጎ አሸነፈ።

እዚህ ላይ የአሸናፊዎችን ዝርዝር ብቻ አይመኑ፤ ከጎኑ ያልተሰለፉትን ይጻፉ። ፌራሪ ከ1973 በኋላ፣ የፈረንሳዩ ማትራ ከ1974 በኋላ ከዚህ ውድድር ወጥተዋል። በ1977 ፖርሼ ትኩረቱ በሌላ ሻምፒዮና ላይ ነበር። ስለዚህ ለእኔ የብራንድስ ሃቹ አንድ ድል ከ1977ቱ ስምንት ድሎች ይበልጣል።

አንድ መኪና በአካል ካገኙ የሻንሲ ቁጥሩን ያንብቡ። በ75033 ከጀመረ ከኤች ሻንሲው ወገን ነው፤ በ11512 ከጀመረ ባለ 12 ሲሊንደሩ ቲቲ ነው። ቁጥሩን ግን ብቻውን አይቀበሉት፤ የውድድር ክፍል ዕቃ ከአንዱ ነቅሎ ለሌላው ይገጥማል። ኮፈኑ ሲከፈት ዝቅ ብለው መጋጠሚያዎቹን ይዩ። የሪቬት ራሶች በመስመር ተሰልፈው ካዩ ቆርቆሮ ነው፤ ቱቦ ከቱቦ የሚገናኝበት ቦታ ላይ የብየዳ ጠባሳ ካለ ደግሞ ቲቲ ነው። ከሚላኖ ብዙም በማይርቀው በአሬዜ ያለው የአልፋ ሙዚየም ለዚህ ልምምድ የተመቸ ቦታ ነው፤ ሲሄዱ ትንሽ ባትሪ ይያዙ፣ ከመኪናው ፊት ሳይሆን ከኋላው ይጀምሩ።